ከሞርሳው ጀርባ

ወጣቱ ጠመንጃውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ባንኮኒው ላይ በቀስታ አጋደመውና «የአያቴ ነው። በጦርነቱ ጊዜ እንደነበረው አድርጋችሁ መልሱልኝ» አለ። እኔና አለቃዬ ተያየን። ይቺን ቃል ስንት ጊዜ ሰምተናታል!

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንድ ጠመንጃ ጠጋኝ ሱቅ ጓዳ ነው። ከፊት ባንኮኒ፣ መስታወትና ፈገግታ አለ፤ ከኋላ ሞርሳ፣ ሞረድ፣ ትራፓኖና የዘይት ሽታ። እኔ የኋላው ሰው ነኝ። አሁን የምነግርህ ከባንኮኒው ፊት የማይባለውን ነው፤ ከእሱ ሰማሁ እንዳትል ብቻ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ብረቱ ላይ የተመታው እሱ ስለሆነ።)

ደንበኛ ሲገባ ዓይኑ እንጨቱ ላይ ነው። አለቃዬ ግን ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ ሽማግሌ ናቸው፤ እንጨቱን ዞር ብለው አያዩትም። መጀመሪያ ቃታውን ወደ ኋላ ስበው ጥይት አለመኖሩን በዓይናቸውም በጣታቸውም ያረጋግጣሉ። ከዚያ ቃታውን መልሰው ይዘጉና ቀጭን ዘንግ በአፈሙዙ ሰደው የበርሜሉን ርዝመት ይለካሉ። የወጣቱ ጠመንጃ ስፕሪንግፊልድ 1903ኤ3 ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ በርሜሉ 24 ኢንች፣ ማለትም 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ዘንጉ 22 ላይ ቆመ። ሽማግሌው ዘንጉን አስቀመጡና ወጣቱን «ቡና ትጠጣለህ?» አሉት። እሳቸው ቡና ሲጋብዙ መርዶ አለ ማለት ነው።

ማን ቆረጠው? አያቱ፣ ወይም የአያቱ ጎረቤት፣ ወይም በሠፈሩ የነበረ ባለ ቶርኖ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የመንግሥታት መጋዘን በጠመንጃ ተጨናንቆ ነበር። አውቶማቲኩ ሲመጣ ቃታው በእጅ የሚሳበው ጠመንጃ ለወታደር አረጀ፤ ለአዳኝ ግን ገና ወርቅ ነበር። ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ጠመንጃ እንደ ጫማ በፖስታ ይታዘዛል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት የጣሊያን ካርካኖ እንኳ በ1963 በፖስታ የተገዛ ነው፤ ከነመነጽሩ 19.95 ዶላር። አዲስ የአደን ጠመንጃ የዚህን ብዙ እጥፍ ይጠይቅ ስለነበር፣ ደሞዝተኛው ሰውዬ ርካሹን የጦር ጠመንጃ ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ ይከረክመዋል። ረጅሙን የፊት እንጨት በመጋዝ ይቆርጣል። ከበርሜሉ በላይ ያለውን ሽፋን አውልቆ ይጥላል። የሳንጃ መሰኪያውን ያነሣል፣ በርሜሉን ያሳጥራል፣ አካሉን በትራፓኖ በስቶ መነጽር ያስርበታል። ፈረንጆቹ «ስፖርተር» ይሉታል፤ እኔ «የተከረከመ» እለዋለሁ። ሚዙሪ ውስጥ ዋርሶ በምትባል ትንሽ ከተማ ቢሾፕና ፋየን የሚባሉ ድርጅቶች ለእንዲህ ያለው ሰው ያማረ የአደን እንጨት እየጠረቡ በመላክ እንጀራቸውን በልተዋል። በ1968 የወጣው ሕግ የፖስታውን ንግድ ዘጋ፤ አሮጌ የጦር ጠመንጃ ከውጭ ማስገባትንም ከለከለ። ለሰብሳቢዎች በሩ በከፊል የተከፈተው በ1984 ነው።

ከርካሚዎቹን የሚሳደብ ሰብሳቢ ሲገጥመኝ ዝም እላለሁ። ሞልቶ ለተረፈ ዕቃ ማን ያዝናል?

እንግዲህ ወደ ጓዳው እንግባ። ጠመንጃው ይመለስ አይመለስ እንደሆነ የሚወስነው እንጨቱ ይመስልሃል፤ ተሳስተሃል። እንጨት ይገኛል፤ ባይገኝ ይጠረባል። ፍርዱ ያለው ብረቱ ላይ ነው። በ1917 እና በ1918 በዊንቸስተር፣ በሬሚንግተንና በኤዲስቶን ከ2 ሚሊዮን በላይ የተመረተ ኤም1917 የሚባል ጠመንጃ አለ። የኋላ ማነጣጠሪያውን ከግራና ከቀኝ የሚጠብቁ ሁለት የብረት ጆሮዎች አሉት፤ ከርካሚው መጀመሪያ የሚሞርደው እነሱን ነው። ጆሮው ከተሞረደ ወጌሻም አያድነው። በብየዳ ጆሮ እንተክላለን የሚሉ አይጠፉም። ግን የአካሉ ብረት በእሳት ተለክቶ የጠነከረ ነው፤ የብየዳ ሙቀት ያንን ልክ ሊያበላሸው ይችላል። ፊትህን ከኋላው አስጠግተህ የምትተኩሰው ደግሞ አንተ ነህ።

የድሮው ስፕሪንግፊልድ 1903 ሌላ ጣጣ አለው። በስፕሪንግፊልድ ግምጃ ቤት የተሠራና ቁጥሩ ከ800,000 በታች፣ በሮክ አይላንድ የተሠራና ከ285,507 በታች ከሆነ፣ አለቃዬ ጠመንጃውን ያጸዱና «ግድግዳ ላይ ስቀለው» ብለው ይመልሱታል። ያኔ ሠራተኞቹ የጋለውን ብረት ሙቀት የሚገምቱት በዓይናቸው ነበር። ፀሐይ በበዛበት ቀን የጋለው ብረት ቀዝቃዛ ይመስላል፤ ስለዚህ ከልክ በላይ የተቃጠለ፣ እንደ ሸክላ የሚሰበር አካል ከመካከላቸው ወጣ። የትኛው እንደተቃጠለ የትኛው እንዳልተቃጠለ ከውጭ አይታወቅም። ደንበኛው ስንት እንደሚከፍል ቢምል ቢገዘት፣ ለተኩስ አናዘጋጀውም።

የወጣቱ ኤ3 ከዚህ ችግር ነጻ ነው። ከ1942 እስከ 1944 ሬሚንግተንና ስሚዝ ኮሮና የሠሩት ነው። አዎ፣ ያ የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ! ጦርነት ሲመጣ ታይፕ ራይተሩን ትቶ ከ230,000 በላይ ጠመንጃ ሠርቷል። የወጣቱ ግን የሬሚንግተን ነው። ከፊት ማነጣጠሪያው ኋላ የፋብሪካው ፊደል፣ የሚነድ ቦምብ ምልክትና የተሠራበት ወርና ዓመት ይመታበታል፤ በርሜሉ ሲቆረጥ ይህ የልደት ምስክር ወረቀቱ አብሮ ይሄዳል። አካሉ ላይ ደግሞ ሦስት የመነጽር ቀዳዳዎች ነበሩ። ቀዳዳ በብሎን ይደፈናል፣ ይሞረዳል፣ ይቀባል፤ የሚያውቅ ሰው ግን ቃታውን አውጥቶ ከውስጥ በባትሪ ሲያይ ያገኘዋል።

ዕቃውስ ከየት ይመጣል? ይቺ ናት ዋናዋ ሹክሹክታ። ለአንድ የተከረከመ ጠመንጃ በርሜል፣ የፊት እንጨት፣ የላይ ሽፋን፣ ሁለት የብረት ቀለበት፣ የኋላ ማነጣጠሪያ፣ የማንገቻ ማያያዣ ያስፈልጋል። እነዚህ ከሰማይ አይወርዱም። አብዛኞቹ የሚመጡት ከሌላ ጠመንጃ ነው። ነጋዴው ደህና፣ ሙሉ፣ ያልተነካ ጠመንጃ ይገዛል፤ ቆራርጦ ሲሸጠው ከሙሉው የበለጠ ያተርፋል። አንተ የአያትህን ስታድን የሌላ ሰው አያት ጠመንጃ ታርዷል ማለት ነው። ዕቃውን ለቃቅመህ ስትጨርስ ደግሞ ሒሳቡን አንድ ላይ ብትደምረው፣ ያልተነካውን ገዝተህ ቢሆን ይቀልህ ነበር። ይህን ለደንበኛ ስንት ጊዜ እንደነገርነው አትጠይቀኝ፤ እኛም እንጀራችን ነው።

የእኔንም ጥፋት ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ክረምት አንድ የቆሸሸ ሰደፍ ሰጡኝና «አጽዳው» አሉኝ። ማጽዳት ማለት ማሳመር መሰለኝ። ብርጭቆ ወረቀት አነሣሁና እስኪያበራ ፈተግኩት። ኮራሁ። አለቃዬ መጥተው በእጃቸው ዳበሱት፤ መብራቱ ስር አዙረው አዙረው ፈለጉ። እጅ ከሚይዝበት ቀጭኑ ቦታ ስር በክብ ውስጥ የተመታች አንዲት «ፒ» ፊደል ነበረች። ጠመንጃው በከፍተኛ ግፊት ጥይት ተፈትኖ ማለፉን የምትመሰክር ማኅተም ናት። የለችም። እኔ በልቻታለሁ። ሽማግሌው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ ወረቀት ከገበታዬ ላይ አይገኝም። የቆየ ቆሻሻ የሚወጣው በጨርቅ፣ በማሟሟቻና በትዕግሥት ነው። ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ እርጥብ ጨርቅ ጣል ታደርግበትና በጋለ ካውያ ጫን ትላለህ፤ እንፋሎቱ ገብቶ የተረገጠውን እንጨት ራሱ ያነሣዋል። መጨረሻ ላይ የምንቀባው ምን ይመስልሃል? የተልባ ዘይት። እናቴ በጾም የምትበጠብጠው ተልባ፣ እዚህ የጦር ጠመንጃ እንጨት ልብስ ሆኖ ሳገኘው ሳቄ ነው የመጣው። በጨርቅ፣ በስሱ፣ በብዙ ቀን። ቶሎ እንዲያልቅልህ ወፍራም ከቀባህ እንደ ማር ይጣበቅና ይቀራል።

የተቆረጠ የፊት እንጨት ይቀጠላል? ይቀጠላል፤ እንዲያውም የዚህ ሙያ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ከመካከለኛው የብረት ቀለበት ፊት ነው። ከሌላ የተሰበረ እንጨት የፊቱን ግማሽ ታመጣለህ፤ የእንጨቱን ሥር መስመር ታመሳስላለህ፤ መገጣጠሚያው ልክ በቀለበቱ ስር እንዲውል አድርገህ ታጣብቃለህ። ቀለበቱ ሲጠብቅ ስፌቱ ይደበቃል። ቀለሙን ለማመሳሰል ስንት ቀን እንደሚፈጅ ግን ለደንበኛ አይነገርም፤ በሰዓት ቢታሰብ ማንም አይከፍለውም። አለቃዬ ቀለበቱን ከማጥበቃቸው በፊት በመገጣጠሚያው ውስጠኛ ገጽ ላይ ዓመተ ምሕረቱንና «ተቀጥሏል» የምትል ቃል በእርሳስ ይጽፋሉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚፈታው ሰው ነው።

የብረቱ ቀለም ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የጦር ሠራዊቱ ኤ3 የተነከረው በፎስፌት ነበር፤ ግራጫ፣ አንዳንዴ አረንጓዴ የሚያጠላበት፣ ብርሃን የማይመልስ። ከርካሚው ይህን አስለቅቆ፣ አለስልሶ፣ እንደ መስታወት በሚያበራ ጥቁር ሰማያዊ ቀይሮታል። ወደ ግራጫው ለመመለስ ድጋሚ መንከር ይበቃል፤ ነገር ግን ሲለሰልስ የደበዘዙት ፊደሎች አይመለሱም። የሬሚንግተን ስም እንደ አሮጌ ሳንቲም ፊት ደብዝዞ ታየዋለህ።

አሁን ቀልድ የሌለበት ቦታ ደረስን። በርሜል ወይም ቃታ ከተለወጠ፣ በተዘጋው ቃታ ፊትና በጥይቱ መቀመጫ መካከል ያለው ርቀት በልዩ መለኪያ መፈተሽ አለበት። መለኪያዎቹ ጥይት የሚመስሉ ብረቶች ናቸው፤ «ጎ» እና «ኖ ጎ» ይባላሉ። በ«ጎ» ላይ ቃታው መዘጋት አለበት፤ በ«ኖ ጎ» ላይ መዘጋት የለበትም። ክፍተቱ ከበዛ ቀለሁ ሲተኮስ ይለጠጣል፣ ይቀደዳል፣ የሚነድ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። እንጨቱን አሳምሮ ይህን ሳይለካ የሚያስረክብ ሠራተኛ አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም። የሠራውን ጠመንጃ ግን አልተኩስም።

ማጭበርበሩም የሚጀምረው ከዚሁ ከማደስ ጎን ነው። የሬሚንግተን ኤ3 ሰደፍ በግራ ጎኑ «ኤፍ ጄ ኤ» የሚል ማኅተም አለው፤ የሮቸስተር የጦር መሣሪያ ቀጠና ኃላፊ የነበሩት የኮሎኔል ፍራንክ ጄ አትዉድ ስም መነሻ ፊደሎች ናቸው። ዛሬ ያንን ማኅተም የሚመታ ብረት በገበያ ይሸጣል። አዲስ እንጨት ላይ በአንድ የመዶሻ ምት 1943 ይሆናል። እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንዴት ትለያለህ? የእውነተኛው ፊደል ጠርዝ ከእንጨቱ ጋር አብሮ አርጅቷል፤ ለስልሷል፤ ቆሻሻና ዘይት ገብቶበታል። የሐሰተኛው ጠርዝ እንደ አዲስ ምላጭ ስለታም ነው፤ በሻይም በቡናም ቢነከር። ከሁሉ የከፋው የአነጣጣሪ ተኳሹ 1903ኤ4 ነው። እሱ ከ30,000 ያነሰ ስለተሠራ ዋጋው ሰማይ ነው፤ በአፈጣጠሩ ግን የፊት ማነጣጠሪያ የሌለውና መነጽር የታሰረበት ኤ3 ነው። ስለዚህ ብዙ የተበሳ ኤ3 «ኤ4» ተብሎ ሊሸጥ ይሞከራል። ምስጢሩ ጽሑፉ ላይ ነው። በእውነተኛው ኤ4 የሞዴሉና የፋብሪካው ስም ወደ ግራ፣ ቁጥሩ ወደ ቀኝ ዞር ብሎ ተመትቷል፤ የመነጽሩ መቀመጫ እንዳይሸፍነው። ጽሑፉ መሐል አናት ላይ ከሆነ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ ያዝ።

ወደ ወጣቱ ልመለስ፤ ቡናውን ይዞ ቆሞ ነው የተውነው። አለቃዬ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «አያትህ ይህን ጠመንጃ ሠራዊት ውስጥ ነበር የያዙት?» ወጣቱ አሰበ። አይደለም። አያቱ የባሕር ኃይል መርከብ ላይ ነበሩ። ጠመንጃውን የገዙት ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ በየኅዳሩ አጋዘን ያደኑበት፣ ልጃቸውን መተኮስ ያስተማሩበት፣ በራሳቸው እጅ የከረከሙት ነው። ወጣቱ ይመለስ የሚለው የጦርነት ጊዜ መልክ አያቱ አንድም ቀን ያላዩት መልክ ነው።

ከተከረከሙት ውስጥ ደግሞ ጭራሽ መንካት ነውር የሆነባቸው አሉ። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲሄዱ የያዙት ስፕሪንግፊልድ፣ ራሱ ግምጃ ቤቱ ለአደን አስተካክሎ የሠራላቸው ነው። ሄሚንግዌይ በ1930ዎቹ አፍሪካ ያደነበት ስፕሪንግፊልድ ግሪፈን ኤንድ ሃው በሚባለው የኒውዮርክ ቤት ተከርክሞ የተሠራ ነው። የእንዲህ ያለ ባለሙያ እጅ ያረፈበትን «ወደ ወታደርነቱ እመልሳለሁ» ብሎ የፈታ ሰው፣ ከሁለት ወገን ነው የሚከስረው። ስለዚህ ከመፍታትህ በፊት በርሜሉ ስርና እንጨቱ ውስጥ የሠሪ ስም ፈልግ።

ወጣቱ ጠመንጃውን በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ ወሰደው። በሳምንቱ መልሶ አመጣውና ርቀቱን ብቻ እንድንለካለት፣ እንድናጸዳለት ጠየቀ። «ጎ» ላይ ተዘጋ፤ «ኖ ጎ» ላይ አልተዘጋም። ሌላ ምንም አልነካነውም።

አንዲት የራሴ ሹክሹክታ ቀርታኛለች። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በነጋዴ በኩል ወደ አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል፤ አንዳንዶቹ እኛ ጓዳ ደርሰዋል። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ያመጣውን አጭር ሞዘር ጨርቁን ስገልጥ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተመትቷል። በ1930ዎቹ የቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ለኢትዮጵያ የሠራው ነው። አያቶቻችን ውጅግራ፣ ምንሽር እያሉ ሲቆጥሩ «በልጅግ» የሚሉት ስም ከዚያው ከአገሩ ስም የመጣ ነው። ልጅ ሆኜ በሽለላ የሰማሁትን ስም፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሞርሳ ላይ አሰርኩት።

ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰብሮ ነበር። የጠገነው ሰው ሙጫ አልነበረውም፤ እርጥብ ጠፍር ጠምጥሞበታል። እንደ ጠፍር አልጋ፣ ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ ስብራቱን አንቆ ይዞታል። ጎኑ ላይ የቆርቆሮ ልጥፍ በትናንሽ ምስማር ተመትቷል። ነቀነቅኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ደንበኛው «ይህን ቆሻሻ አንሡና በፋብሪካው መልክ አድርጉልኝ» ይላል። ጠመንጃው የእሱ ነው። ተከራከርኩ፤ አልሰማኝም። ጠፍሩን ቆርጬ አነሣሁ፣ ሌላ እንጨት ገጠምኩ፣ የተልባ ዘይት ቀባሁ። አምሮ ወጣ። ሲያየው ደስ አለው፤ ሒሳቡንም ሳያጉረመርም ከፈለ።

ጠፍሩ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ የአንገቱን ቅርጽ እንደያዘ ደርቋል። ከዚያ ወዲህ አንበሳ ያለበት ጠመንጃ ይዞ የመጣ ሰው ካለ፣ ቡና የምጋብዘው እኔ ነኝ።